ጎን ለጎን



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው አራት ወንድምና እህት ሆነን ነው። ትውልዳችን ደሴ ነው። ታላቃችን ሲያትል ትኖራለች፤ እናታችንም ከእርሷ ጋር ናት። ወንድማችን ሚኒያፖሊስ የጭነት መኪና ይነዳል። ሦስተኛዋ ቶሮንቶ ነርስ ናት። ታናሻችን እዚያው ሲያትል ቀን ይማራል፣ ማታ ይሠራል። አባታችን ወደ አኼራ ከሄደ ሰባት ዓመት ሆነው፤ አላህ ይዘንለት። ከቀብሩ ወዲህ አራታችን በአንድ ጣራ ሥር አድረን አናውቅም ነበር።

እናታችን ከሁለት ዓመት በፊት መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ የምድጃውን እሳት ረሳች፣ ቀጥሎ የልጅ ልጆቿን ስም አቀያየረች። አንድ ሌሊት ታላቃችን ስትነቃ የውጭው በር ተከፍቶ እናታችን በነጠላ ብቻ ደጅ ቆማ አገኘቻት። ሐኪሙ ነገሩ ቀስ በቀስ እየጨመረ እንደሚሄድ ነገረን። የቀረው ጊዜ ስንት እንደሆነ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። እኛ ግን አንድ ነገር ገባን፤ እናታችን ሁላችንንም በስማችን እየጠራች የምትቀመጥባቸው ቀናት የተቆጠሩ ናቸው።

አንድ ምሽት ለታላቃችን እንዲህ አለቻት፦ «አባቴ ሐጅ ሲሄድ በምጽዋ በኩል በመርከብ ነው የተሻገረው። ባሕር ላይ እንዴት እንደሚታደር ሲያወራልኝ ነው ያደግሁት። እኔና አባታችሁ በአውሮፕላን ሄደን ባሕሩን ከላይ አየነው እንጂ አላደርንበትም።» ነገሩ የተጀመረው ከዚህች ንግግር ነው። ከሲያትል በየዓመቱ ከፀደይ እስከ መጸው ወደ አላስካ የሚሄዱ የመዝናኛ መርከቦች አሉ። ጉዞው ሰባት ሌሊት ነው፤ ተነስቶ የሚመለሰውም እዚያው ሲያትል ነው። ለእናታችን አውሮፕላን የለበት፣ ሆቴል መቀያየር የለበት።

በየእሁዱ በስልክ የምንሰበሰብበት ቤተሰባዊ ስብሰባ አለን። እዚያ ላይ ሐሳቡ ሲነሳ ወንድማችን በመጀመሪያ አልወደደውም። «መጠጥና ቁማር ያለበት ቦታ እናታችንን ይዘን ልንሄድ ነው?» አለ። እውነቱን ነው፤ ሁለቱም አሉበት። ተነጋገርንበት። የመጠጡን ፓኬጅ ማንም አያስገድድህም፣ ቁማር ቤቱም ካልገባህበት አይጎትትህም። የምንሄደው ለዝምድናችን ነው፣ ለእናታችን ነው ብለን ኒያችንን አስተካከልን። በመጨረሻ ተስማማ። ብቻ ድምፁ ላይ አንድ የከበደው ነገር ነበር፤ ያኔ አልጠየቅነውም። ይህችን አስታውሱልን፣ እንመለስባታለን።

አሥር ሰው ነን። እናታችን ከቶሮንቶዋ እህታችን ጋር፣ ታላቃችን ከባለቤቷ ጋር፣ ወንድማችን ከሚስቱና ከሁለት ትናንሽ ልጆቹ ጋር፣ ታናሻችን ከአሥራ ስድስት ዓመቱ የእህታችን ልጅ ጋር። አራት ካቢን ማለት ነው። በረንዳ ያለው እንዲሆን ፈለግን፤ እናታችን ጉልበቷን ስለሚያማት ባሕሩን ከክፍሏ ሳትወጣ ታየዋለች። ከሁሉ በላይ ግን ካቢኖቹ ጎን ለጎን መሆን ነበረባቸው። የመርከብ ኮሪደር አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ረጅም ነው፣ ምንጣፉም በሩም አንድ ዓይነት ነው። ጤነኛ ሰው የራሱ በር ይጠፋዋል። የምትረሳ እናት በሌሊት እዚያ ብትወጣስ?

ካቢን የመምረጡን ሥራ ለታናሻችን ሰጠነው። ከሁለት ቀን በኋላ በደስታ ደወለ፦ «8142፣ 8143፣ 8144፣ 8145፤ አራቱም ተከታታይ!» እኛም «ማሻአላህ» ብለን ልንከፍል ስንል የቶሮንቶዋ እህታችን የመርከቡን የፎቅ ካርታ ከፈተች። በብዙ መርከቦች ሙሉ ቁጥሮች በአንድ ጎን፣ ጎዶሎ ቁጥሮች በሌላው ጎን ናቸው። ስለዚህ 8142 እና 8143 ጎረቤቶች አይደሉም፤ በመካከላቸው ሁለት ኮሪደርና የመርከቡ ሙሉ ወርድ አለ፣ ከ30 ሜትር በላይ። ለ8142 እውነተኛው ጎረቤቱ 8144 ነው። ታናሻችንን እስከ ዛሬ «ተከታታዩ» እያልን እንጠራዋለን።

ካርታውን ካየን በኋላ ሌላም ተማርን። «ጎን ለጎን» እና «የሚገናኝ» ካቢን የተለያዩ ናቸው። የሚገናኙት በመካከላቸው የውስጥ በር አላቸው። ወደ ኮሪደር ሳትወጡ ከአንዱ ወደ ሌላው ትገባላችሁ፣ ድምፅ ግን በበሩ ያልፋል። ለእናታችንና ለታላቃችን ይህን ፈለግን፤ 8142 እና 8144 ሆኑ። 8146 ለታናሻችን፣ 8148 ለወንድማችን ቤተሰብ። ከመሐል አካባቢ መረጥን፤ መርከብ ሲወዛወዝ መሐሉ ከአፍንጫውና ከጭራው ይልቅ ይረጋል። ከላዩም ከታቹም የሰው ካቢን እንዲሆን አየን፤ ከመዋኛው ወይም ከምግብ አዳራሹ ሥር የተኛ ሰው ሌሊት ወንበር ሲጎተት ይሰማል።

ቀብድ ለመክፈል ስንዘጋጅ ወንድማችን «የኔን እኔው እይዛለሁ፣ 8148ን ልቀቁት» አለ። ለቀቅነው። ከሳምንት በኋላ «ይዣለሁ» አለን። ቁጥሩን ስንጠይቀው «ይመጣል፣ ይመጣል» ይላል። ወራት አለፉ። አንድ ቀን ቁጥሩ መጣ፤ አምስተኛው ፎቅ፣ ከመርከቡ አፍንጫ አጠገብ፣ በዚያኛው ጎን። የያዘው ለካ «ጋራንቲ» የሚባለውን ነበር። ይህ ማለት የካቢኑን ዓይነት ትከፍላላችሁ፣ ቦታውን ግን ኩባንያው እንዳሻው ይመድብላችኋል። ዋጋው ይቀንሳል፤ ምርጫውን ግን ትሸጡታላችሁ።

ያን እሁድ የተነጋገርነውን ሁሉ መጻፍ ያሳፍረናል። «ለመቶ ዶላር ብለህ እናታችንን ጣልካት» ያለ ከእኛ መካከል ነበር። «መጀመሪያም ልብህ አልነበረም» ያለም ነበር። እርሱ መልስ አልሰጠም። ስልኩን ዘጋ። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር፣ እናታችንም ሶፋው ላይ ተቀምጣ ነበር። የምትሰማ አልመሰለንም።

ከሦስት ቀን በኋላ ሚስቱ ለታላቃችን ደወለች። መኪናው ሞተሩ ወድቆ ሦስት ወር ቆሟል። ጥገናው ያጠራቀመውን በልቶታል። «እንዳትነግሪያቸው ብሎ አስምሎኛል፤ ግን ወላሂ ሌሊት አይተኛም» አለቻት።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ወንድማችን ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከጅዳ ጀምሮ ለዓመታት ደመወዙን እየላከ እኛን ሦስታችንን ያስተማረን እርሱ ነው። የታናሻችን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአባታችን መድኃኒት፣ የደሴው ቤት ጣራ፣ ሁሉም ከእርሱ እጅ ነው የወጣው። ሰጪ የነበረ ሰው ሲቸግረው መናገር ከማንም በላይ ይከብደዋል። እኛ ደግሞ ከሰጪነቱ ውጪ ሌላ ነገር መኖሩን ረስተን ነበር። እናታችን መርሳት ጀመረች እያልን፣ የረሳነው እኛ ነን።

ይቅርታ ጠየቅነው። ታላቃችን ሚኒያፖሊስ ድረስ በረረች። የተባባሉትን አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅንም። ቀጥሎ የካቢኑን ነገር ያዝን። 8148 ተሸጧል። እነርሱን 8146 አስገብተን ታናሻችን አምስተኛ ፎቅ ይውረድ አልን። ኩባንያው እምቢ አለ፤ 8146 ለሁለት ሰው ብቻ ነው። ሦስተኛና አራተኛ ሰው የሚያስተኙ ካቢኖች የተወሰኑ ናቸው። እያንዳንዱ ክፍል ለአደጋ ጊዜ የተመደበለት መሰብሰቢያና የሕይወት አድን ጀልባ ስላለ፣ ቁጥሩ በጀልባው ልክ የታሰረ ነው። በልመና የሚፈታ ጉዳይ አልነበረም።

የረዳን ሰብር ነው። ጉዞ ያስያዘ ሰው ቀሪውን ሒሳብ የሚከፍልበት የመጨረሻ ቀን አለ፤ ብዙ ጊዜ ከጉዞው ሁለት ሦስት ወር በፊት ይውላል። በዚያ ቀን አካባቢ ብዙ ሰው ሐሳቡን ይለውጣል፣ ካቢኖችም ይለቀቃሉ። ታናሻችን በየማለዳው ከሱብሒ በኋላ ካርታውን እየከፈተ ያይ ነበር። ቀኑ ባለፈ በማግስቱ 8140 ነጭ ሆኖ አገኘው። አራት ሰው ያስተኛል፣ ከእናታችን ካቢን በወዲያኛው ጎን! ወዲያው ደውለን አዛወርነው፤ የዋጋውን ልዩነት ሦስታችን ተካፈልን። ወንድማችን «እመልሳለሁ» አለ። «አንተ የላክኸውን እኛ መቼ መለስን?» አልነው።

ስለ ሰነድም ትንሽ እንበል፣ ብዙዎቻችሁ ትፈልጉታላችሁና። መርከቡ የአላስካ ወደቦችን ጎብኝቶ ሲመለስ ካናዳ ውስጥ ቪክቶሪያ ላይ ይቆማል። ምክንያቱ በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው፤ የውጭ አገር ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ ውጭ አገር ሳይረግጥ በአሜሪካ ወደቦች መካከል ብቻ መንገደኛ ማመላለስ አይችልም። ስለዚህ ግሪን ካርድ ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም፤ ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርትም ያስፈልጋል። የእናታችን ፓስፖርት ጊዜው አልፎ ነበርና ማሳደሱ ወራት ወሰደብን። ይህን ከካቢኑ በፊት እዩት።

ጉዞው በሰኔ ሆነ። እናታችን ሻንጣዋ ውስጥ ጀበና፣ ማንደጃና እጣን ከታ መጣች። የመርከቡ ፍተሻ ላይ ማንደጃውና እጣኑ ተያዙ። እሳት የሚነካው ሁሉ መርከብ ላይ ክልክል ነው፤ የኤሌክትሪክ ምድጃም ጭምር። ጀበናዋን ግን አሳለፉላት። «ባሕር ላይ ያለ ቡና?» ብላ ተከዘች። ከቡና ቤቱ ቡና በፔርሙስ አስቀዳን፣ ወደ ጀበናው ገለበጥነው፣ በስኒ ጠጣን። «ጭስ የለውም እንጂ ደህና ነው፤ አብሽሩ» አለችን።

ካቢኖቹን የሚያጸዳውን ሠራተኛ የበረንዳዎቹን መለያ እንዲከፍትልን ጠየቅነው። በብዙ መርከቦች በጎረቤት በረንዳዎች መካከል ያለው ግድግዳ በቁልፍ ይከፈታል፤ ሦስት በረንዳ አንድ ረጅም ሰገነት ይሆናል። 8142፣ 8144 እና 8146 ተከፈቱ። ወደ 8140 ሲደርስ ሠራተኛው ራሱን ነቀነቀ። ያኛው መለያ የብረት ነው፣ ከመርከቡ አካል ጋር የተያያዘ፤ አይከፈትም። ወንድማችን በወዲያኛው በኩል ቆሞ ይሰማን ነበር። «ምንም አይደል፣ በኮሪደር እንመጣለን» አለ። ሳቅን፤ ውስጣችንን ግን ቆረጠን። ይህን ሁሉ ለፍተን አሁንም ግድግዳው የቀረው እርሱ ጋ ነው።

ሶላት ላይ አንድ የማንረሳው ነገር ሆነ። መርከቡ ስለሚዞር ከእያንዳንዱ ሶላት በፊት ቂብላውን በስልክ ኮምፓስ እናይ ነበር። በዚያ አካባቢ ቂብላው ወደ ሰሜን ነው፣ ጁኖ ከተማ ላይ እንዲያውም ከቀጥተኛው ሰሜን በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው የሚያዘነብለው። ልጆቹ ገረማቸው፤ «መካ ምሥራቅ አይደለም እንዴ?» አሉ። ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ በሰሜን ዋልታ አጠገብ ያልፋል ብለን አስረዳናቸው። እናታችን ግን አልገረማትም። «ደሴም እኮ ወደ ሰሜን ነው የምንሰግደው» አለች። እውነቷን ነው፤ ደሴና መካ በአንድ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፣ አንዱ ደቡብ አንዱ ሰሜን። ምድርን ዞረን የአባታችን መስገጃ ወደሚያይበት አቅጣጫ ቆምን። ሱብሐነላህ።

በሰኔ ፀሐይ እዚያ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው፣ የምትወጣው ወደ ንጋቱ 10 ሰዓት ገደማ። ሌሊቱ እንደ ቀን ነው። መንገደኞች ስለሆንን ዙሁርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻ እያጣመርን ሰገድን። ይህ ብርሃን ግን እናታችንን ግራ አጋባት።

ሦስተኛው ሌሊት ነበር። የቶሮንቶዋ እህታችን በአንድ ክፍል ከእርሷ ጋር ተኝታለች። የውስጡ በር ወደ ታላቃችን ክፍል ተከፍቷል። ሁለቱም አልሰሙም። እናታችን ብርሃኑን አይታ ሱብሒ ያመለጣት መሰላት፣ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። የካቢን በር ከባድ ነው፣ ሲዘጋ ግድግዳውን ያንቀጠቅጣል። የሰማው ወንድማችን ነው፤ በግድግዳው ወዲያ በኩል፣ ያ እንቅልፍ የማይወስደው። በባዶ እግሩ ወጣ። እናታችን ከአሥር በር ወዲያ ቆማ መስጊዱ የቱ እንደሆነ በሮቹን እያየች ነበር።

«እማ» አላት።

ዞር ብላ አየችው፣ በስሙም ጠራችው። ከዚያም «መኪናህ ተሠራልህ?» አለችው።

ጠዋት ይህን ሲነግረን ማንኛችንም ቀና ብለን ልናየው አልቻልንም። የልጅ ልጆቿን ስም የምታቀያይረው፣ ምድጃውን የምትረሳው እናታችን፣ ያን እሁድ ሶፋው ላይ ሆና የሰማችውን አልረሳችም። እኛ ስለ ካቢን ስንጮህ እርሷ የሰማችው የልጇን ዝምታ ነው። ቆይቶም ታላቃችን ከስልክ ወሬዋ መካከል «መኪናው ቆሟል» ስትል ሰምታ በልቧ አስቀምጣዋለች። ወንድማችን ወደ ክፍሉ አስገባት፣ ልጆቹ ተኝተው ሳለ ሁለቱ ሱብሒን ሰገዱ። ከዚያም በእርሱ በረንዳ፣ በዚያ ግድግዳው በማይከፈተው በረንዳ፣ ፀሐይዋ እስክትወጣ ተቀመጡ። ስለ አያታችን መርከብ አወራችው። ከእኛ መካከል ታሪኩን ሙሉ የሰማው እርሱ ብቻ ነው።

ከዚያች ሌሊት በኋላ የሕፃናቱን የሚያቃጭል አሻንጉሊት በሩ እጀታ ላይ አሰርን። በማግስቱ መርከቡ ኤንዲኮት አርም ወደሚባለው ጠባብ የባሕር ሸለቆ ገባ፣ መጨረሻው ላይ ዶውስ የተባለው የበረዶ ግግር አለ። መርከቡ እዚያው ቀስ ብሎ ስለሚዞር የሁለቱም ጎን በረንዳዎች ያያሉ። አሥራችንም በሦስቱ በረንዳ ላይ ተጨናንቀን ቆምን። በረዶው ተሰንጥቆ ውኃው ላይ ሲወድቅ እንደ ነጎድጓድ ይሰማል። እናታችን በመሐል ተቀምጣለች፣ ስኒ በእጇ፣ የወንድማችን ትንሿ ልጅ ጭኗ ላይ። ስሟን አሳስታ ጠራቻት፤ ሕፃኗ ግን «አቤት» አለች።

እንዲህ ያለ ጉዞ ለምታስቡ፣ ከስህተታችን ያተረፍነውን እነሆ፦

1. ጎን ለጎን ከፈለጋችሁ ጋራንቲ አትያዙ። የፎቁን ካርታ ከፍታችሁ ቁጥሩን ራሳችሁ ምረጡ፤ ሙሉና ጎዶሎውን ለዩ።

2. ቤተሰቡ በተለያየ ስም ቢያስይዝም ኩባንያው ቦታ ማስያዣዎቹን እንዲያያይዝላችሁና በአንድ የምግብ ገበታ እንዲያስቀምጣችሁ ጠይቁ። ካቢናችሁን «አሻሽለንላችኋል» ብለው ወደ ሌላ ፎቅ እንዳይወስዷችሁም ቀድማችሁ አስመዝግቡ።

3. የበረንዳው መለያ የሚከፈት መሆኑን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ሁሉም አይከፈትም።

4. ሐላል ምግብ ስታስይዙ ጠይቁ፤ ካልሆነም ዓሣና አትክልት አይጠፋም። ሕፃናትን በረንዳ ላይ ብቻቸውን ለአፍታም አትተዉ።

5. ከሁሉ በፊት ግን፣ «የኔን እኔው እይዛለሁ» የሚል ወንድም ወይም እህት ካላችሁ፣ ስለ ካቢኑ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ኑሮው ጠይቁት። ለብቻው ጠይቁት፣ ድምፅ ማጉያውን አጥፍታችሁ።

ወንድማችን መኪናውን ሸጦ አሁን ተቀጥሮ ይነዳል፣ አልሐምዱሊላህ። እናታችን ጉዞውን አንዳንድ ቀን ታስታውሰዋለች፣ አንዳንድ ቀን የአባቷ የሐጅ መርከብ ጋር ይቀላቀልባታል። አናርማትም። የእሁዱ ስልካችን ግን ተቀይሯል፤ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ከእኛ አንዱ ለወንድማችን ብቻውን ይደውላል።

ወላጆቻችሁ በሕይወት ያሉላችሁ፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥላችሁ። ያለፉባችሁን በጀነት ያገናኛችሁ። ለእናታችንም በዱዓችሁ አትርሷት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።